የአዳም ራስ የታተመበት ብልቃጥ

አገኘሽ፣ እታለም፣ ዛሬ አርባሽ ነው። ቄሶቹ ጸሎቱን አድርሰው፣ የቀረበውን ቀምሰው፣ ነፍስ ይማር ብለው ሄደዋል። እኔ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ እትዬ ረቢዓ ከሱቃቸው የሰጡኝን የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ። ለሐኪም ቤቱ ሹም እጽፋለሁ ያልሁትን ደብዳቤ ዛሬ ልጽፈው ነው። ለትልቅ ሰው ስትጽፍ አስቀድመህ ጤናውን ጠይቅ፣ ቂምህ የትም አይሄድም፣ ኋላ ትደርስበታለህ ትዪኝ ነበር፤ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ። ፊደል ባትቆጥሪም ስሳሳት ጆሮዬን ስለምጎትት ታውቂብኝ ነበር። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጎትቻለሁ፤ አትሳቂብኝ። ቁጭ በዪና ስሚኝ።

ይድረስ ለክቡር የመተማ ሐኪም ቤት ሹም፤
በመተማ።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የቆላው ሐሩር፣ የትንኙ ንክሻ፣ የአቧራውም ብዛት እንዳልጎዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህ አገር ጤናውን ሊያጣ የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር የጤናው ሹም ራሱ ነውና፣ ስለ እርስዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እህቴ ሞታለች።

ስሜ አለነ ይባላል፤ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት ነው፤ መንግሥትዎ በከፈተልን ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመቴን በመማር ላይ እገኛለሁ። አባታችን ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናታችን በዓመቱ በንዳድ ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገችኝ በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ አገኘሽ ነበረች። ይህን ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ጽፌ አንዱን በሐኪም ቤቱ በር፣ አንዱን በመድኃኔዓለም ደጅ፣ አንዱን በሐጅ ኸሊፋ ሱቅ ግድግዳ የለጠፍሁት፣ ለክቡርነትዎ ብቻ የተላከ እንደሆነ ለአስተርጓሚዎ ሥራ ይበዛበታል ብዬ ስላሰብሁለት ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ከተማው ሁሉ ያግዘዋል።

የማቀርበው ምስጋና እንዳይቀላቀል በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቸርነትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው መስከረም ሐኪም ቤቱ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ፣ የማይፈልገውን መድኃኒት በሣጥን አድርጎ ኾሩ ዳር ጣለው። ኾር የምንለው እኛንና ሱዳንን የሚለየውን፣ በክረምት የሚሞላውን፣ በበጋ ደግሞ አሸዋውን ቆፍረን የምንጠጣበትን ወንዝ ነው። ለመጣያ ከዚህ የተሻለ ቦታ ሊገኝ እንደማይችል እረዳለሁ፤ ለሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ ቁልቁለት ስለሆነም ሣጥን ተሸካሚውን አያደክምም። ክቡርነትዎ ምናልባት ያላወቁት፣ በመተማ ክዳኑ የሚጠብቅ ብልቃጥ ምን ያህል የተወደደ ዕቃ እንደሆነ ነው። የሰሊጥ ዘይት ይገባበታል፣ ጠበል ይገባበታል፣ ኩል ይገባበታል። ስለዚህ ሣጥኑ በወደቀ በማግሥቱ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወረደች። አገኘሽም ወረደች። ደስ ብሏት አንድ ብልቃጥ ይዛ መጣች፤ እንዲያውም ባዶ አልነበረም፤ ወደ ቀይ የሚያደላ ኪኒን እስከ ወገቡ ሞልቶታል። «ለደሃ ብለው ነው የተዉት» አለችኝ። እኔም አመንኋት። ሙሉ ብልቃጥ የሚጥል ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብለን ሁለታችንም አላሰብንም።

ሁለተኛ፤ በብልቃጡ ላይ ስለታተመው ሥዕል አመሰግናለሁ። የሰው ራስ ቅል ነው፤ ከበታቹ ሁለት አጥንት ተመሳቅሎ ይታያል። በአገርዎ ይህን ሥዕል ያየ ሕፃን እንኳ እጁን እንደሚሰበስብ ኋላ ተነግሮኛል። በእኛ አገር ግን ይህ ሥዕል የታወቀ ቦታ አለው። ፈቃድዎ ሆኖ አንድ ቀን ወደ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቢገቡ፣ በስቅለቱ ሥዕል ላይ ከመስቀሉ ግርጌ ያንኑ ራስ ቅል፣ ያንኑ የተመሳቀለ አጥንት ያገኙታል። የአባታችን የአዳም ራስ ነው። የጌታ ደም ከላይ ነጥቦ አዳም የዳነው እዚያ ላይ ነው። እህቴ በልጅነቷ እናታችን እጅዋን ይዛ ያን ሥዕል እያሳለመቻት አድጋለች። ብልቃጡን ባየች ጊዜ ሥዕሉን በጣቷ ዳሰሰችና «እነሱም ለካ ክርስቲያን ናቸው፤ መድኃኒታቸው ላይ አዳምን አትመውታል» አለች፤ ከዚያም ሳመችው። ክቡር ሆይ፣ መርዝዎን ስማዋለች። ሐኪም ቤትዎ ከዚህ የበለጠ አክብሮት ከማንም አግኝቶ እንደሆነ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ ትምህርቴ አመሰግናለሁ። ከሥዕሉ በታች በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። አገኘሽ ብልቃጡን ወደ እኔ አዙራ «አንተ ተማሪ፣ እስቲ ምን ይላል?» አለችኝ። በትምህርት ቤታችሁ እጅ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት፣ መዝሙር፣ የሳሙና ስም፣ የወራት ስም፣ እስከ መቶም መቁጠር ተምሬያለሁ፤ ፊደሉንም አሳምሬ አውቃለሁ። ስለዚህ ኮራ ብዬ «ቬሌኖ ይላል» ብዬ አነበብሁላት። «ቬሌኖ ምንድን ነው?» አለች። ይህን ቃል አላስተማራችሁኝም። አላውቅም ማለት ግን አፈርሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ እየቀዳች እንጨት እየለቀመች ያስተማረችኝ እህቴ ናትና። «የሐኪሙ ስም ይሆናል» አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ብልቃጥ በሰፈራችን የሐኪም ቬሌኖ መድኃኒት ተባለ። ተመሳሳይ ብልቃጥ ያገኙ ሴቶች ሁሉ «ቬሌኖን እግዜር ይስጠው» እያሉ ይመርቁ ነበር። ክቡርነትዎ በዚያ ወር ትንሽ በረከት ተሰምቶዎት ከሆነ፣ ከየት እንደመጣ አሁን ያውቁታል።

አራተኛ፤ ፍርድ እንዳላዛባ የቤታችንንም ጥፋት ልናገር። ሐኪም ቤታችሁ ለንዳድ ሰባት ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠን፣ አገኘሽ ትኩሳቱ ሲለቃት አራቱን ውጣ ሦስቱን ታስቀምጥ ነበር፤ ለእኔ ተራ ሲደርስ፣ ወይም ጎረቤት ሲታመም ብላ። ወረቀቱ በክረምት እርጥበት እየረጠበ ኪኒኑን ስላበላሸባት፣ ጥብቅ ክዳን ያለው ብልቃጥ ስታገኝ የተረፋትን ሁሉ ከላይ ጨመረችበት። ኪኒናችሁም ወደ ቀይ ያደላል፣ ያም ወደ ቀይ ያደላል። በእኛ ቆላ ክብ ሆኖ የሚዋጥ ነገር ሁሉ ስሙ ኪኒን ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ ብልቃጡን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ የጎረቤት ልጅ እንዳይደርስበት፣ ዓይጥም እንዳይነካው ምሰሶው አናት ላይ ሰቀለችው። ክቡርነትዎ በሣጥን አድርገው ወንዝ ዳር የጣሉትን እሷ እንዲህ ጠብቃ አስቀመጠችው። ስለ አቀማመጥ ከሁለታችሁ ማን ማንን ማስተማር እንደነበረበት ለመወሰን ገና ተማሪ ነኝ።

በመስከረም መጨረሻ እኔ በንዳድ ወደቅሁ። አገኘሽ ከብልቃጡ ከላይ ከላዩ እያነሣች ሰጠችኝ፤ ዳንሁ። እሷ ጥቅምት ዐሥራ ሦስት ማክሰኞ ጧት ትኩሳት ሲይዛት የላይኛው አልቆ ነበር።

አምስተኛው ምስጋና ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ሁለት ዋጠች። ወዲያው «አፌን ብረት ብረት አለኝ» አለች፤ ጉሮሮዋን አቃጠላት፤ አስመለሳት። ደንግጬ ሰው ልጥራ ብል ከለከለችኝ። «ኮሶ ስትጠጣ ምን ትሆናለህ? አሠቃይቶ አይደል የሚያድንህ? ይሄም እንደሱ ነው፣ በሽታውን እየነቀለ ነው» አለች። ኮሶ የጠጣ ሰው መንገብገቡን የመዳን ምልክት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እኛ መድኃኒትን የምናውቀው በዚያ ነው። ስለዚህ በበነጋው ረቡዕ፣ ገና አልተነቀለም ብላ ሦስተኛውን ዋጠች። ያቀበልኋት እኔ ነኝ። ምሰሶው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እሷም መቆም ስላቃታት።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታችን ሐጅ ኸሊፋ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ተመለሱ፤ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ሊጠይቋት ገብተው ብልቃጡን አዩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ይህን ከየት አመጣችሁት?»

«ከኾሩ ነው፣ ሐጅ። የሐኪም ቬሌኖ ነው።»

«የምን ቬሌኖ? ልጄ፣ ይህ እኮ ሲም ነው! ገዳሪፍ ሐኪም ቤት በቁልፍ ቆልፈው፣ በሩ ላይ ይህንኑ ሥዕል ለጥፈው ነው የሚያስቀምጡት። ቁስል የነካ መሣሪያ ያጥቡበታል እንጂ ሰው አይውጠውም።»

ሲም በእነሱ ቋንቋ መርዝ ማለት ነው። እንግዲህ የቃላችሁን ትርጉም የተማርሁት ከዐረብኛ ነው። ሚስታቸው እትዬ ረቢዓ የፍየል ወተትና የእንቁላል ውኃ እያፈራረቁ አጠጧት፤ ሌሊቱን ሙሉ ከጎኗ አልተለዩም። እኔ ዓርብ ጧት ብልቃጡን ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁ።

አስተርጓሚዎ አስቀድሞ የጠየቀኝ ከየት እንዳመጣሁት ነበር። ተጥሎ የተገኘ ነው ብዬ ብመልስለት፣ የመንግሥት ዕቃ ሰርቃችኋል ማለት ነው አለኝ። እንግዲያውስ የመንግሥቱን ዕቃ ተቀበሉኝና የእህቴን መድኃኒት ስጡኝ ብዬ ለመንሁት። እሱም መዝገብ ገልጦ አየና፣ ይህ ዕቃ በመስከረም ተሰርዟል፣ ስለዚህ የለም፣ የሌለ ዕቃ አንቀበልም አለኝ። ብልቃጡ በእጄ ሳለ፣ ለመሰረቅ የሚበቃ ያህል አለ፤ ለመመለስ የሚበቃ ያህል ግን የለም። ይህን ሒሳብ በትምህርት ቤት ገና አልደረስንበትም። በመጨረሻ ክቡርነትዎ በመስኮት ብቅ ብለው አዩትና አንድ ነገር ተናገሩ፤ አስተርጓሚው «ለውጭ የሚቀባ ነው፣ ለውስጥ አይደለም ብለዋል» አለኝ። እውነትዎን ነው። ለውጭ የተባለው ኪኒን ግን ያን ጊዜ ውስጧ ነበር። «ነገ ራሷን አምጣት» ተባልሁ።

በነገታው ቅዳሜ ቃሬዛ አበጅተን፣ ከሐጅ ኸሊፋና ከሁለት ጎረቤት ጋር ተሸክመን መጣን። በሩ ተዘግቶ ነበር። የመንግሥታችሁ በዓል ነበርና ክቡርነትዎ በሰልፉ ላይ ነበሩ። እኔም ከትምህርት ቤቱ ዘማሪዎች ጋር መቆም ሲገባኝ ስለቀረሁ በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መዝሙሩ ከቃሬዛው አጠገብ ቆሜ በደንብ ይሰማኝ ነበር፤ ጓደኞቼ አንድም ቃል አልሳቱም። አገኘሽ ሰምታ «ያንተ ድምፅ ስለሌለበት ነው ያማረው» አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተናገረችም። ሽንቷ ተያዘባት፣ ፊቷ አበጠ፣ ጥቅምት ሃያ ማክሰኞ ከቀትር በፊት ዐረፈች። ስምንት ቀን ሙሉ ታግላለች።

ክቡር ሆይ፣ የሞተችውን አስነሡልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ያም ከመዝገብ የተሰረዘ ዕቃ ነው። የምለምንዎት በሕይወት ስላሉት ነው። ከሐጅ ኸሊፋ ጋር ሠላሳ አንድ ቤት አንኳኩተን ኪኒን ያለበት ዐሥራ ዘጠኝ ብልቃጥ ሰብስበናል። አንዳንዷ «ቬሌኖን ልትቀማን ነው?» ብላ በር ዘግታብናለች። ሐጅ ገዳሪፍ እንዳዩት፣ ከውኃ ርቆ ጉብታ ላይ የሰው ቁመት ያህል ጉድጓድ ቆፍረን ኪኒኑን ቀብረን ብልቃጡን ሰብረናል። የቀረው ግን የት እንዳለ አናውቅም። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከመጡት ሠራተኞች መካከል ብልቃጥ በወገባቸው ሸጉጠው ወደ ኮኪት የሄዱ አሉ። እዚያም ንዳዱ እንደዚሁ ነው፤ ማታ ማታ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይጠፋም፤ ካንዱ ለአንዱ ማካፈልም ደግነት ነው። ስለዚህ፦

ወደ ኮኪት የሚናገር አንድ ሰው ይላኩ። ወታደር ቢሆን ሕዝቡ ስለሚሸሽ፣ ያለ ጠመንጃ ይሁን።

ከእንግዲህ የማትፈልጉትን መድኃኒት ኾር ዳር ከመጣል ቅበሩት። ጉድጓድ ቆፋሪ ከቸገረ፣ የምንቆፍር ሞልተናል፤ ሰሞኑን ለምደነዋል።

በኪኒናችሁ ወረቀት ላይ ይህ እስኪያልቅ ይዋጥ፣ የተረፈ ይመለስ ብላችሁ ጻፉ፤ የተመለሰውንም ሌባ ሳትሉ ተቀበሉ።

መርዙ ላይ የአዳምን ራስ ተዉትና መርዝ ብላችሁ በእኛ ፊደል ጻፉበት፣ ለሐጅ ኸሊፋ ሰዎችም በእነሱ ፊደል። መ፣ ር፣ ዝ፤ ሦስት ፊደል ናት። መንግሥታችሁ ይህን ሁሉ መንገድ ሲጠርግ፣ ይህን ሁሉ ሐውልት ሲያቆም ለሦስት ፊደል የሚሆን ቀለም ካልተረፈው፣ እኔ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ተቀምጬ በጥላሸት እጽፋለሁ።

ክቡርነትዎ ይህን ድፍረቴን እንደ ልጅ ስሕተት ቈጥረው እንደሚያልፉኝ፣ ካላለፉኝም አስተርጓሚው ቤቴን ስለሚያውቀው እንደማይደክም አምናለሁ። እግዚአብሔር ከትኩሳት ይጠብቅዎ፤ ቢታመሙም መድኃኒትዎን አጥርቶ የሚያነብ ሰው ከአጠገብዎ አያሳጣዎ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፣ ብዙ ነገር ያስታውሱበት ዘንድ።

በመልካም ሥራዎ ጥላ ሥር የሚኖረው፣ ፊደል ቈጥሮ ትርጉሙን ያልደረሰበት፣ የክቡርነትዎ ታማኝ ተማሪ፣
የአገኘሽ ወንድም አለነ።
ኅዳር ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት፣ መተማ።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፤

ለቀስተኛው በሰልስቷ ተበትኖ፣ በማግሥቱ ጧት ከቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ሰሊጣችን ደርሶ ነበር። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈበት ቆቡ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። ወደ እርሻው በኾሩ በኩል ሳልፍ፣ ዳሩ ላይ ሌላ ሣጥን ተጥሎ አየሁ። ከሥሩ ያለው ሣር ገና አልጠወለገም። ዓርብ ዕለት በመስኮትዎ ሥር ቆሜ ከነገርሁዎት በኋላ የተጣለ ነው። ሃያ ሦስት ብልቃጥ፣ ሁሉም ሙሉ። ትቼው ብሄድ ሰው ያነሣዋል፤ ይዤው ብመጣ ሌባ ነኝ። ጉብታው ላይ አውጥቼ በማጭድና በእጄ ስቆፍር ረፈደ፤ ሰሊጡም ቀረ።

ጎረቤታችን አየሁሽ እንስራ ይዛ ስትወርድ አየችኝ። አራት ልጆች አሏት። ኪኒኑን ወደ ጉድጓዱ እየደፋሁ ባዶውን ብልቃጥ አጠገቤ ሳስቀምጥ ቆማ አየችና «አለነ፣ አንዱን ስጠኝ፣ ለዘይት» አለችኝ።

«መርዝ ነበረበት» አልኋት።

«አጥበዋለሁ።»

«አይታጠብም።»

«አመድ አለኝ፣ አሸዋ አለኝ፣ ለምን አይታጠብም?»

አንዱን አንሥቼ ፊቷ ድንጋይ ላይ ሰበርሁት። ስብርባሪውን አየችው።

«አገኘሽ ብትሆን ትሰጠኝ ነበር» አለች።

«አዎ፣ ትሰጥሽ ነበር» አልኋትና ሁለተኛውን ሰበርሁ።